ከኮረብታው ላይ የቆጠርነው ጭስ

ጥር 9 ቀን 1965፣ ኮቦ

ዛሬም እንደ ልማዴ ከሰባተኛ ክፍል ልጆች ጋር ዋልኩ። የሳይንስ ክበባችን አስራ አንድ ልጆች አሉት። ሰላሁዲን ራዲዮ ያስተምራል፣ እኔ ካርታና ምልከታ። እሱ በጦሩ መገናኛ ክፍል አስራ ስምንት ዓመት ሽቦ ሲጎትት የኖረ፣ እኔ በመረጃ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዱካ ስቆጥር የኖርኩ። ጡረታ ወጥተን አገራችን ላይ ተገናኘን። ዳይሬክተሩ “ባሻ ካሳው፣ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው የለኝም፣ እባካችሁ” ሲል እምቢ ማለት አቃተን። ደመወዝ የለውም። ክብር አለው ይላል ሰላሁዲን... ሲቀልድ ነው።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። ያየሁት። የሰማሁት። የገመትኩት። “ሳይንስ ማለት ይኸው ነው። ሦስቱን የሚቀላቅል ሰው ጦር ያስፈጃል” አልኳቸው። ወዲያው የገባት መይሙና ብቻ ናት። አስራ አራት ዓመቷ ነው። ለትምህርቱ ብላ ከተማ አክስቷ ጋ ትኖራለች፤ አርብ አርብ እናቷ ጋ ትወርዳለች። ስሌት ላይ እኔን ትቀድመኛለች። ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ያናድደኛል።

ጥር 22

በማለዳ ልጆቹን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ከሥሩ ያለው የመይሙና መንደር ነው፤ ዘጠና ስድስት ቤት። መጀመሪያ ካርታውን አሳልኳቸው፤ ቤቱን፣ በረቱን፣ የውሃ መንገዱን። ቀጥሎ ጭስ አስቆጠርኳቸው። ኦጋዴን እያለሁ የጠላትን ብዛት የምገምተው በሚያነደው እሳት ነበር። “ጭስ የሚወጣበት ቤት ያበስላል። የማይወጣበት አያበስልም። ቁጠሩ!” ሦስት ቡድን ለየብቻ ቆጥሮ ተስማማ። ሰማንያ ስምንት።

ስምንቱስ? ባለፈው ክረምት ማሽላው ከጉልበት አላለፈም። የበልጉም ዝናብ እስካሁን ጠብ አላለም።

የካቲት 3

ሰማንያ አንድ።

የካቲት 12

ሰባ አራት። መንገዱን ሰው ሞላው። ከዋጃ የሚመጣው ወደ ጎብዬ ይሄዳል፣ ከጎብዬ የሚመጣው ወደ ዋጃ። ሁሉም ወዲያ ማዶ እህል አለ ሲባል ሰምቷል። መሃል ላይ ሲገናኙ ምን ይባባሉ ይሆን? ቆሜ ላዳምጥ ሞከርኩ። አይነጋገሩም። ይተላለፋሉ።

የካቲት 27

ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። ሰላሁዲን “እናንተ ትናንት ጀመራችሁ፣ አገሩ ከጀመረ ቆየ” አለኝ። አልሳቅሁም።

ከበላይ አንድ ሹም መጥቶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ባርኔጣውን አላወለቀም። “ሕዝቡ አለቀ፣ አለቀ... ወሬ ሰለቸን። ቁጥር ያለው ሰው የለም?” ሲል ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ጠቆመ። ቆጥረን የያዝነው እንዳለ ነገርኩት። በአስር ቀን ሪፖርት አድርግልኝ አለ። ለዚህ አካባቢ እህል ይላክ አይላክ በዚያ ይወሰናል።

እንግዲህ ካሳው... ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለዚህ ቀን ይሆን?

መጋቢት 3

ሰባ አንድ። ባለፈው ሳምንትም ሰባ አንድ ነበር። ምን ማለት ነው? ሰው በየቀኑ እየከሳ፣ የጭሱ ቁጥር ግን ባለበት ቆመ። ለሰላሁዲን አሳየሁት። “የሚበላ ሳይኖር ጭሱ ከየት መጣ?” አለ። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው አልኩት። “አንተ ሰውዬ...” ብሎ ተወኝ። እሱ ስሜታዊ ነው። በስሜት ሪፖርት አይጻፍም።

መጋቢት 6

የመጨረሻው ቆጠራ። ሰባ አንድ። ልጆቹ ሲወርዱ መይሙና ወደኋላ ቀረች።

“ጋሼ፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ የማውቀውን?”

“ያየሽውን።”

“የማውቀው ሌላ ቢሆንስ?”

“የምታውቂው የትኛው ዓምድ ውስጥ ይገባል?”

አሰበች። “የትም አይገባም” አለች።

“እንግዲያው አይጻፍም።”

ወረቀቷ ላይ የእናቷ ቤት ባዶ ነበር። እርሳሷን አንስታ ምልክት አደረገችበት። ጭስ አለ። ሥርዓት የገባት ልጅ ናት ብዬ ኮራሁባት... ምን ልትለኝ ነበር? ልጠይቃት አስቤ ነበር። ሪፖርቱ አጣደፈኝ።

መጋቢት 7

አስረከብኩ። አራት ገጽ። ግራፉን የሳለችው መይሙና ናት፤ በባለ ካሬ ወረቀት፣ አንድ ስርዝ ሳይኖርበት።

መጋቢት 15

የምስጋና ደብዳቤ መጣ። “በግምት ያልተበረዘ” ይላል። ዳይሬክተሩ ባንዲራው ሥር አነበበው፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። ለራሴ አልዋሽም፤ ደረቴን ነፋሁ። ከሠራዊቱ ከወጣሁ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። እህሉ መቼ እንደሚመጣ ግን አልተጻፈም። መይሙናም አላጨበጨበችም።

መጋቢት 24

እህል አይመጣም።

ዳይሬክተሩ ተጠርቶ ሄዶ ይዞት የመጣው ቃል ነው። “ከዘጠና ስድስት ቤት ሰባ አንዱ እንደሚያበስል በራሳችሁ ሰው እጅ ተጽፏል። ከአራት ቤት ሦስቱ ይበላል ማለት ነው። ችግር እንጂ ረሃብ አይባልም። እህሉ ለባሰበት ይሄዳል።” የባሰበት የት ነው? እሱን አልነገሩትም። ዳይሬክተሩ ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል።

በእኔ ወረቀት... በእኔ ወረቀት!

መጋቢት 26

መይሙና አርብ እንደወረደች አልተመለሰችም። አክስቷም አታውቅም። ዛሬ ራሴ ወረድኩ።

ሁለት ወር ከላይ ሳየው የኖርኩትን ቤት ደጁ ቆሜ አላወቅሁትም። በረቱ የለም። ካርታችን ላይ አለ፤ መሬት ላይ የእንጨቱ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ዞር ብዬ አየሁ። የጎረቤቱም የለም። የዚያኛውም። በየሳምንቱ ከላይ ሆኜ ሳይ ይህን እንዴት አላየሁም? ጭስ ስቆጥር።

የመይሙና እናት ዓሊማ ምድጃው ጋ ተቀምጣ የበረቱን እንጨት ትማግዳለች፤ መይሙና አጠገቧ ናት። ድስት ጥዳለች። ክዳኑን አነሳሁት። ውሃ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

“ስንት ጊዜ ሆናችሁ?”

“እንጃ ባሻ። ከብቱ ካለቀ ወዲህ ነው።”

“ታዲያ እሳቱ ለምን?”

“ጭስ ካጣ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ ይመጣል። ይዞት የሚመጣው የለው፣ አልቅሶ ይሄዳል። ትንሹም ድስት ሲያይ ደርሷል እያልኩ አስተኛዋለሁ።” ትንሽ አረፈች። ለመናገርም ትደክማለች። “ደሞ ይቺ ልጅ ከላይ ሆና ታየን የለ? አስተማሪዋ ባለበት፣ ጓዶቿ ባሉበት፣ የእናቷ ቤት ባዶ ሲባል ትፈር? ወላሂ፣ የበረቱ ቢያልቅብኝ የጣሪያውን ልመዝ ነበር።”

ለእኔ ስትል ነው ያነደደችው። እኔ እንድቆጥራት።

ነጅሙዲን፣ የመይሙና ወንድም፣ አራት ዓመቱ ነው፤ ድስቱ ላይ አፍጥጧል። መይሙና ደጅ ይዛኝ ወጣች። ቤቱን በጣቷ እያሳየች አንድ በአንድ ነገረችኝ። እዚያ ውሃ። እዚያ ውሃ። እዚያ ቅጠል። እዚያ ማሽላ አለ፣ ትንሽ። እዚያ ውሃ። ውሃ ብቻ የሚያፈላ ሃምሳ ሦስት ቤት ቆጠረችልኝ። ከሰባ አንዱ ሃምሳ ሦስቱ!

ታውቅ ነበር። ጠይቃኝ ነበር።

ጠላት ማንም የሌለበት እሳት አንድዶ እንደሚያሳስት ለስንት ወታደር አስተምሬአለሁ። ማስታወሻው ሳይቀር ቤቴ አለ። ከአንዲት እናት ግን አልጠበቅሁም።

መጋቢት 29

ቤቴ የነበረውን ማሽላ ወሰድኩላቸው። ሰላሁዲን ኮንጎ ዘምቶ ያመጣትን ራዲዮውን በአንድ ቁና ማሽላ ለውጦ ጨመረበት። ልጆቹ ፈተው የሚገጥሟት እሷን ነበር። “ከእንግዲህ በምን ታስተምራለህ?” ስለው “ዝም በል” አለኝ። ሰላሁዲን ዝም በል ብሎኝ አያውቅም።

ዓሊማ ሆዷ አልቀበል አለ። ሁለት ጉርሻ ወስዳ መለሰችው። ነጅሙዲን ግን በላ።

ሚያዝያ 3

ሹሙ ጋ ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ ጠናሁ።

“ሪፖርቴ ስህተት ነው” አልኩት።

“የቱ? የተመሰገንክበት?”

ስለ ውሃው ነገርኩት። ሃምሳ ሦስት ቤት አልኩት። አዳምጦ ሲያበቃ ፈገግ አለ። “ባሻ፣ ይህን ያየኸው ነው የሰማኸው?”

ያየሁት አንድ ድስት ነው። ሌላውን የሰማሁት ነው። “አብዛኛውን ሰማሁ” አልኩት።

“ከማን ሰማህ?”

“ከተማሪዬ።”

“ከሕፃን። እንግዲህ ይህ ወሬ ነው።” ወረቀቴን አውጥቶ መይሙና የሳለችውን ግራፍ በጣቱ መታ መታ አደረገው። “ይህ ነው ሥራ። የጡረታ ሰው ነህ፣ አርፈህ ጡረታህን ብላ።”

አንገቱን ማነቅ አማረኝ። ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ። እጄ ራሱ ነው ወደ ግንባሬ የሄደው። እስካሁን ልቆርጠው ያምረኛል።

ሚያዝያ 5

ከሮቢት ወዲህ ሰዎች መንገድ ላይ ተኝተው አውቶቡስ አስቆሙ አሉ። ሾፌሩ ወርዶ ለመናቸው፣ ተሳፋሪው የያዘውን ወረወረ። ትምህርት ቤት ዛሬ ከአስራ አንዱ ልጆቻችን የመጡት አራት ናቸው። ምን ላስተምራቸው? ተቀመጡ አልኳቸው። ተቀመጥን።

ሚያዝያ 12

ብቻዬን ኮረብታው ላይ ወጣሁ። የዓሊማ ቤት ጭስ የለውም።

ሚያዝያ 13

ቀበርናት። ኢናሊላሂ የሚል ሰው አልጠፋም፣ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ጠፋ። ሰላሁዲንና እኔ ቆፈርን። ሁለት ሽማግሌ ወታደር... ምሽግ ስንቆፍር እንኳ እንዲህ አልደከመንም። ሸክሟ ቀላል ነበር። መይሙና ወንድሟን አዝላ ከሩቅ ቆማ አየችን። ልቀርባት ስል ወደ ሌላ በኩል ዞረች። ልክ ናት።

ሚያዝያ 16

አልወጣሁም። አልበላሁም። እየኖርኩ ነው? ምን ልሠራበት?

ሚያዝያ 23

ፋሲካ አለፈ። መቼ እንዳለፈ አላወቅሁም።

በማለዳ ሰላሁዲን እየሮጠ መጣ። ከአዲስ አበባ ሦስት መምህራን መጥተዋል፤ ካሜራ ይዘዋል፤ ያዩትን ወስደው እዚያ ሊያሳዩ ነው። ፎቶግራፍ ብቻውን አያሳምንም፣ በየቤቱ የሆነውን ጽፎ ከነስሙ የሚሰጥ ሰው እንፈልጋለን ብለዋል። የሚፈርም ግን አጥተዋል። ዳይሬክተሩ ታምሜአለሁ አለ። ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ይሄዳሉ።

“ትፈርማለህ?” አለኝ ሰላሁዲን።

“እፈርማለሁ። ግን የማውቀው የለኝም።”

መይሙና ጋ ሄድኩ። አክስቷ ቤት ደጃፉ ላይ ነጅሙዲንን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። መሬት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ምን ይባላል?

“በደልኩሽ” አልኳት።

 “ጠይቄዎት ነበር” አለች።

“ጠይቀሽኝ ነበር።”

“እኔም መጻፍ ነበረብኝ።”

“የለም። እኔ ነኝ ያስጣልኩሽ። አንቺ ልጅ ነሽ።” ድምፄ ተሰበረ። ተሰበረ እንግዲህ፣ ምን አባቱ። ስለ እንግዶቹ ነገርኳት። የሚፈርመው እኔ ብቻ እንደምሆን፣ የሷ ስም የትም እንደማይገባ ነገርኳት። ወረቀትና እርሳስ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ልጁ ክንዷ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ካንቀሳቀሰችው ይነቃል።

“እርስዎ ይጻፉ። እኔ እነግርዎታለሁ።”

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ዓምድ አላሰመርኩም።

“ከየት ልጀምር?”

ወደ መንደሩ ሳይሆን ወደ እኔ አየች።

“ከኛ ቤት። ዓሊማ ብለው ይጻፉ። ጭሱ የውሃ ነበር ይበሉ።”

ጻፍኩ።