ያለ ፈቃድ ስለሚጸለይበት የዓሣ ቤት፣ ለሊቀ ዲያቆኑ

ለክቡር ሊቀ ዲያቆን ክሪስፒን ፌዘርስቶን
የኦልደርሾ ሀገረ ስብከት የሕንጻና የሥርዓት ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ክቡርነትዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎና ሁለቱ ውሾችዎ በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። የጉልበትዎም ነገር ያሳስበኛል፤ ወደ ታነር ጎዳና መጥተው እንዲያነጋግሩን በለመንን ጊዜ፣ አቀበት መውጣት እንደከለከለዎ ጽሕፈት ቤትዎ በስልክ ነግሮኛል። ጎዳናችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜዳ መሆኑን ያን ጊዜ ለመናገር አፈርኩ፤ ሕመምተኛን በመጠራጠር መታማት አልፈለግሁም።

እኔ ኢኒድ ሆልሮይድ እባላለሁ፤ ከተዳርኩ ጀምሮ በዚሁ ጎዳና የምኖር፣ የሟቹ የኖርማን ሆልሮይድ ሚስት ነኝ። ከዚህ በፊት በግል ጽፌልዎ መልስ አላገኘሁም። ምናልባት የእጅ ጽሑፌ አልነበብ ብሎዎ ይሆናል በሚል፣ ዛሬ የከተማችን ጋዜጣ በጥሩ የማተሚያ ፊደል እንዲያወጣልኝ ጠይቄያለሁ።

ወቀሳዬን ከማቅረቤ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። የቅዱስ ኦስዋልድ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ ሰው የለውም ብለው በዘጉልን ቀን ያደረጉትን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ይህ መዘጋት ሳይሆን መላክ ነው» ብለውን ነበር። ወዴት እንደተላክን ስላልገለጹልን እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሕንጻው አሁን ወጣቶች በገመድ ታስረው ግድግዳ የሚወጡበት የስፖርት አዳራሽ ሆኗል። በዚያ ጣሪያ ሥር ወደ ላይ የሚመለከተው ሰው ቁጥር በእኛ ጊዜ ከነበረው እጅግ መብለጡን ስመሰክር ደስ ይለኛል።

የተላክንለት ነገር ራሱ ወደ እኛ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከቤቴ ጋር ግድግዳ በሚጋራው፣ የሀገረ ስብከቱ ንብረት በሆነው በቀድሞው የረዳት ቄስ ቤት ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ተከራይተው ገቡ። ታምሲን ኦክሌይ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ኮልም የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛና ሚስቱም ነበሩ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጠዋት ሥራ ከመሄዳቸው በፊትና ማታ ሲመለሱ ዜማቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ጀመር። ኮልምን በር ላይ አግኝቼ ጠየቅሁት።

«እናንተ ምንድን ናችሁ?»

«የመነኮሳት ነገር ነን» አለኝ።

«መነኩሴ ሚስት አለው እንዴ?»

«እኔ አለችኝ። እሷም መነኩሲት ናት።»

«ቆባችሁስ የታለ?»

«የብስክሌቱን ከቆጠሩልን ሁላችንም አለን፣ ሚስስ ሆልሮይድ።»

ሥርዓታቸው ቀላል ነው። አብረው ይጸልያሉ፤ ያላቸውን በጋራ ያደርጋሉ፤ አንድ ክፍል ሁልጊዜ ለእንግዳ ክፍት ይተዋሉ፤ ሐሙስ ማታ በራቸውን ያንኳኳውን ሁሉ ያበላሉ። በላተኛው በዝቶ ቤቱ ሲጠብባቸው ማዶ ያለውን የተዘጋ ዓሣና ድንች መጥበሻ ቤት ከባለቤቱ መበለት ለመኑና ጸሎቱንም ራቱንም ወደዚያ አዛወሩት። መስኮቱ ላይ «በየቀኑ ትኩስ» የሚለውን ጽሑፍ ሳይፍቁት ተዉት። እኔ የገባሁት የተዋስኩትን ድስት ልመልስ ነበር፤ እስካሁን አልወጣሁም።

ክቡርነትዎ ስለ አርኖልድ ብሪግስ የሰሙ አይመስለኝም። አርኖልድ በቅዱስ ኦስዋልድ ደወል ደዋይና የመዘምራን መሪ የነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከዘጉበት በኋላ ሚስቱን ደግሞ የቀበረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በሩን ዘጋ። እኔም ሌላውም ስናንኳኳ «ደህና ነኝ» ይለን ነበር፤ እኛም ደህና ነው ብለን እንመለስ ነበር። ኮልም ግን ሄዶ በሩን እስኪከፍትለት ድረስ ቆመ።

«ምን ፈለግህ?» አለው አርኖልድ።

«አምፖል ልቀይርልዎ መጥቼ ነው።»

«አምፖሌ ደህና ነው።»

«እንግዲያው የእኛ ተቃጥሏልና መጥተው ይቀይሩልን።»

አርኖልድ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ አምፖል መቀየር ያቃተውን ሰው እየሰደበ፣ ተከትሎት ሄደ፤ አምፖሉን ቀየረ፤ ራት ቀርቦ ነበርና በላ። ከዚያ በየሐሙሱ የሚሰድበው ነገር አላጣም። በክረምት ወድቆ ዳሌው በተሰበረ ጊዜ ደግሞ ሆስፒታሉ ብቻውን ወደሚኖርበት ቤት አልሰደውም አለ፤ የእንግዳ ክፍሉም የእሱ ሆነ።

ጊታራቸውን አይወድም ነበር። አንድ ማታ ዘምረው ሲጨርሱ «ይሄ መዝሙር ነው ወይስ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ?» ብሎ ጠየቀ።

ታምሲን ሳትቀየም «ታዲያ የእርስዎን ያስተምሩን» አለችው።

አስተማራቸው። የጥንቱን የመዝሙረ ዳዊት ዜማ፣ እየተቆጣ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ አስተማራቸው። አዘማመራቸው አስቀያሚ ስለነበር ጎረቤቱ ሊስቅ መጣ፤ መጥቶም ቀረ። በቅዱስ ኦስዋልድ የመጨረሻ ዓመት ያላየሁትን ያህል ሰው በዓሣ ቤቱ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆሞ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህ ወሬ ጽሕፈት ቤትዎ ሲደርስ ክቡርነትዎ ደስታዎን ሊገልጹልን ጸሐፊዎን ሚስተር ፒርስን ላኩልን። ሚስተር ፒርስ እጅግ ጨዋ ወጣት ነው፤ ጫማውን በደንብ ጠርጎ ነው የገባው። ባንኮኒውን ትክ ብሎ አየና አርኖልድን ጠየቀው።

«ይህ መሠዊያ ነው?»

«ባንኮኒ ነው፣ የኔ ልጅ። ዕድሜ ልኩን ዓሣ ሲጠቀለልበት የኖረ ባንኮኒ።»

«ታዲያ እንጀራውን ለምን እዚህ ላይ ትቆርሳላችሁ?»

«ሰው እዚህ ጋ መሰለፍ ስለለመደ።»

ከዚህ ጉብኝት በኋላ የደረሰን ማስጠንቀቂያ ጥፋቶቻችንን ዘርዝሯል፤ እኔም በትሕትና በቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

፩. በተዘጋ ደብር ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ። እውነት ነው፤ ተሰብስበናል። ክቡርነትዎ ሰው የለም ብለው ቤተ ክርስቲያኑን ዘጉ፤ አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የለም ብለው ሰዎቹን ሊዘጉ ነው። ሁለቱን ውሳኔዎች የፈረመው እጅ አንድ መሆኑ ሥራውን ሳያቀልልዎ አልቀረም።

፪. ዓሣ በተሸጠበት ስፍራ ቅዱስ ነገር መፈጸም። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ ለደቀ መዛሙርቱ ዓሣ እንዳቀረበላቸው አንብቤያለሁ። ፈቃድ አውጥቶ እንደሆነ ግን አልተጻፈም፤ የሀገረ ስብከቱ መዝገብ ቤት ካለው ቢያሳየን እናመሰግናለን።

፫. ያገቡና ደመወዝተኛ የሆኑ ሰዎች ራሳቸውን እንደ መነኮሳት መቁጠራቸው። ይህንን በቁጥር ልመልሰው አልችልም፤ ምክንያቱም ይህን ነጥብ ያነበብነው አርኖልድ በታመመበት ሰሞን ነው፤ ከዚያው ማስጠንቀቂያ ሥርም እስከ ፋሲካ የረዳት ቄሱን ቤት ለቀን እንድንወጣና ቤቱም «ለአገልግሎት ማጠናከሪያ» እንዲሸጥ የሚያዝ ዓረፍተ ነገር ነበረበት።

ልቡ ነበር የደከመው። ታምሲን ከሆስፒታል ተራዋ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ እሱ ዘንድ ትወጣለች፤ ኮልም ያጥበዋል፤ የኮልም ሚስት ሾርባውን በማንኪያ ትሰጠዋለች፤ እሱም ጨው አነሰው ይላታል። ማስጠንቀቂያውን ደብቀነው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ሹራብ ስሠራ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠራኝ።

«ኢኒድ፣ እነዚህን ልጆች እንዳያባርሯቸው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሁላችሁም በድንገት ደግ ሆናችሁብኛል። ንገሪያቸው።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ ብለህ ነው?»

«አፍ አለሽ። ኖርማን ነፍሱን ይማረውና ስለሱ ሲያማርር ነው የኖረው።»

እሱ ከአልጋ ከዋለ ወዲህ የጠዋቱን ጸሎት ከክፍሉ በታች፣ በምድር ቤቱ እናደርግ ነበር። ዜማውን ስንጎትት በምርኩዙ ወለሉን ይደበድብብናል። የሞተ ዕለት ጠዋት ሦስተኛውን ቁጥር ክፉኛ ጎተትነው፤ ምርኩዙ ግን አልተሰማም። ታምሲን መጽሐፉን በኮልም እጅ ጥላ ደረጃውን ሮጣ ወጣች። እኛ የጀመርነውን ጨረስን፤ ሌላ ምን እንደምናደርግ አላወቅንም።

ሥርዓተ ቀብሩ በዓሣ ቤቱ እንዲሆንለት ተናዞ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ስፍራው ያልተፈቀደ ስለሆነ ቄስ መላክ እንደማይቻል፣ ከቀለበት መንገዱ ማዶ ባለው ደብር ግን ከሳምንታት በኋላ ቦታ ሊገኝ እንደሚችል በትሕትና አስታወቀን። አርኖልድ ግን መጠበቅ አይወድም ነበር። ስለዚህ፣ ዓሣ ቤቱም ሰዉን ሁሉ ስለማይችል፣ ሳጥኑን ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ ጎዳናው መሐል በሁለት አግዳሚ ላይ አሳረፍነውና ታምሲን ጸሎቱን አነበበች። ሰዉ ከግራና ከቀኝ ቤቶች እየወጣ መንገዱን ሞላው። የከተማ አውቶቡስ ደርሶ ቆመ፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ሊነፋ እጁን አነሳና ሳጥኑን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ተሳፋሪዎቹም ተከትለውት ወረዱ።

ከአውቶቡሱ ኋላ ደግሞ የክቡርነትዎ ግራጫ መኪና ነበረች። ቤቱን ለገዢ ሊያሳዩ ከቤት ዋጋ ገማቹ ጋር መምጣትዎ እንደሆነ በኋላ ሰማን፤ ጉልበትዎ ተሽሎት ስላየነው ግን ሁላችንም ደስ አለን። ከመኪናዎ ወርደው እኔን ጠየቁኝ፤ ማን መሆኔን አላወቁም።

«ብዙ ይቆያል?»

«ሟቹ አይቸኩልም፣ ክቡርነትዎ» አልኩዎ።

ከዚያ መዝሙሩ ተጀመረ፤ እኛም እንደ ልማዳችን ጎተትነው። ቀጥሎ የሆነውን ክቡርነትዎ ለማንም ያልተናገሩ ይመስለኛልና እኔ እናገራለሁ። ከኋላዬ አንድ ወፍራም፣ ያማረ ድምፅ ተነሣ፤ ዜማውን በትክክለኛው ልክ ይዞ እኛን ሁሉ ወደ ፊት ነዳን። ስዞር እርስዎ ነበሩ። ባርኔጣዎን በደረትዎ ይዘው፣ መጽሐፍ ሳያዩ፣ እስከ መጨረሻው ቁጥር ዘመሩ። በዚያ ጎዳና ላይ አርኖልድ የማይሰድበው ብቸኛ ዘማሪ እርስዎ ነበሩ። ዓይንዎ እርጥብ ነበር፤ ለጠየቁኝ ሁሉ ነፋሱ ነው ብያለሁ። የኮልም ሚስት ሾርባ ስትሰጥዎም ቆመው ጠጡ።

ያን ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ከሽያጭ ተረፈልን ብሎ ተኛ። እኔም አንዷ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የፈረሙበት ደብዳቤ ደረሰን። በሐዘናችን እንደተካፈሉ፣ የማኅበሩም መንፈስ እንደነካዎ ከገለጹ በኋላ የሽያጩ ውሳኔ እንደጸና አስታወቁን። የነካዎ ነገር ይህን ያህል ሳያናውጥዎ መቅረቱ የአቋምዎን ጽናት ያሳያል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ቤቱን አስረክበንዎታል፤ ጠርገነዋል፣ መስኮቱንም ወልውለነዋል። ልጆቹ ግን ከጎዳናው አልወጡም። ኖርማን ከሞተ ጀምሮ የቤቴ ሁለት ፎቆች ለአቧራ ብቻ ተከራይተው ነበር። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ አልጋና ሳጥን ተሸክሞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው አሻገረ። ታምሲን ደጃፌ ላይ ትራስ እንዳቀፈች ቆም አለች።

«ሚስስ ሆልሮይድ፣ ሥርዓቱን አስበውበታል? ጠዋት በጊዜ ጸሎት አለ።»

«እስከ ዛሬም በግድግዳ በኩል ስትቀሰቅሱኝ ነው የኖርኩት» አልኳት፤ «አሁን ቢያንስ ሻይ ታፈሉልኛላችሁ።»

የኖርማን የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች የነበሩበት ክፍል አሁን የእንግዳ ክፍል ነው። ትናንት አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ገብታበታለች፤ ከየት እንደመጣች ገና አልጠየቅናትም፤ መጀመሪያ ትተኛ ብለናል። ጸሎቱም በዓሣ ቤቱ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፤ መበለቲቱ ቁልፉን ከእኛ ልትወስድ አላሰበችም፣ ባንኮኒውም በክቡርነትዎ ንብረት መዝገብ ላይ የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ አንዲት የማኅበር ቤት ሊያጠፉ ተነሥተው አንዲት መነኩሲት አፍርተዋል፤ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም እንደ ክቡርነትዎ ጉልበት አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የሚታመመው። አንድ ሊቀ ዲያቆን በዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ፍሬ ማፍራቱን ከዚህ በፊት አላስታውስም።

በታነር ጎዳና ያለ ፈቃድ የምትጸልይ፣ ያለ ፈቃድ የምታበላ፣ የክቡርነትዎንም ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ ዘወትር የምትለምን፣ ታዛዥነቷን ገና በመማር ላይ ያለች አገልጋይዎ፣

እኅት ኢኒድ ሆልሮይድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች አንዱ በየሐሙሱ እየመጣ ራት ይበላል፤ ሰሃንም ያጥባል፣ ምንም እንኳ በደንብ ባያጥብ። ስሙን እንዳልናገር ለምኖኛልና አልናገርም። ክቡርነትዎም ማን እንደሆነ ለማወቅ ባይደክሙ ይሻላል፤ ከሀገረ ስብከቱ ወደ እኛ የተላከ ሰው እስካሁን እሱ ብቻ ነው።