ከቢሮዎ ዘንባባ እየተነሱ ማሽላዬን ስለሚበሉት ወፎች

ኅዳር 1996 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ልዑል፣ የከተማችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ግቢ ባሉት ሁለት ዘንባባዎች ላይ ጎጆ የሠሩት ወፎችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የወፎቹን ጤንነት እንኳ በየማለዳው ስለማየው አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ሌላ ነገር ስላለ ግን በአክብሮት ላስረዳ።

አንደኛ፣ ወፎቹ በእርስዎ ዘንባባ ያድራሉ፤ ከአጥሩ ማዶ ባለው ማሽላዬ ላይ ይውላሉ። ማማ ላይ ወጥቼ ጅራፍ ሳጮህባቸው ጥበቃዎ በአጥሩ ብቅ ብሎ «አዴ ዘይቡ፣ ስለ ሰብል ጥበቃ ስብሰባ አለ፤ ቀስ አድርገሽ አጩሂው» አለኝ። ስብሰባውን በሰብል ጥበቃ ስለረበሽኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጅራፍ በቀስታ እንዴት እንደሚጮህ የሚያስተምረኝ ባለሙያ ቢልኩልኝም ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ጎጆ የበዛባቸው ዝንጣፊዎች እንዲቆረጡ ባመለክት፣ ዘንባባዎቹ ለከተማው ውበት የተተከሉ ስለሆኑ እንደማይነኩ ተገለጸልኝ። ቅጠሉን ወፎቹ ለጎጆ ተልትለው ስለጨረሱት፣ ውበቱ አሁን ያለው በሪፖርቱ ላይ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ለዚህኛው ምስጋና ቃል አጥቻለሁ። የወፍ ጉዳት እንዲታይልኝ ስጠይቅ ባለሙያዎን አቶ መሳይን ላኩልኝ። እሳቸውም አንድ የማሽላ ራስ ሳይነኩ፣ ሜትር ዘርግተው ከመንገዱ እስከ አጥርዎ ለኩ፤ መኪና የሚገባበትንም ቦታ ለይተው ችካል ተከሉ። ወፍ በመኪና እንደማይመጣ ባውቅም፣ ማንበብ የተማርኩት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ስለሆነ አዲስ እውቀት አምልጦኝ ይሆናል ብዬ አመስግኜ ሸኘኋቸው። በሳምንቱ ግን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ አቶ መሳይ የፈረሙበት አንድ የቢሮዎ ደብዳቤ ተለጥፎ አነበብኩ። ማሳዬ ምርት የማይሰጥ ስለሆነ ለጽሕፈት ቤቱ መዝናኛ ክበብ እንዲሰጥ፣ ተቃዋሚ ካለም በአሥር ቀን እንዲቀርብ ይላል። የተጻፈበትን ቀን ደግሜ አየሁት፤ አቶ መሳይ ጉዳቱን ሊያዩ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት ይቀድማል።

ይህች ማሳ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የእኔና የሦስት ልጆቼ የዓመት ቀለብ ናት። ስለዚህ ተቃዋሚዋ እኔ ነኝ።

አራተኛ የለኝም። ወፎቹን እርስዎ ልከዋቸዋል አልልም፤ ክንፍ ያለው ፍጥረት የመንግሥት ትእዛዝ አይጠብቅም። በልተው እስኪጨርሱልዎ በትዕግሥት የጠበቋቸው ግን ይመስለኛል።

ለወፎች ማደሪያ፣ ለእኔም የሚነበብ ነገር ስላላሳጡን ከልብ እያመሰገንኩ፣ አላህ ዕድሜዎን እንዲያረዝም፣ ወንበርዎን ግን እንደ ፈቃዱ እንዲያደርገው የምለምን፣

የአጥር ጎረቤትዎ
ዘይቡ አባቦራ

ማሳሰቢያ፦ ወፎቹ ያስተረፉትን ማሽላ እሑድ ዕለት፣ ቢሮዎ ዝግ ሳለ፣ በደቦ አጨድነው። ማሳው ምርት መስጠቱን ሃያ ሦስት ጎረቤቶች ፈርመውና ጣታቸውን አሳርፈው መስክረዋል፤ ወረቀቱም ከዚህ ደብዳቤ ጋር እዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ የፈረሙት የአቶ መሳይ እናት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ናቸው፤ ልጃቸው የለም ያሉትን ማሽላ ቀኑን ሙሉ ሲያጭዱ ውለዋል።