አምስት ቁልፍ ያለው ኮት

ለምወድሽ የበኩር ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ? ያ የሚያሰቃይሽ ወገብሽስ ለቀቀሽ? እኔ እየበላሁ፣ እየተኛሁ፣ እህትሽንም እየተቆጣሁ ነው፤ ከዚህ በላይ ጤና የለም።

በስልክ ስለ ሕክምናው ስትጠይቂኝ «ደህና ነው» ብዬ ያለፍኩሽ እህትሽ ጆሮዋን ጥላ ስለነበር ነው። አሁን ብቻዬን ነኝ።

ስትሮኩ ግራ ጎኔን ከያዘው በኋላ የላኩኝ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ወደሚለማመዱበት ክፍል ነበር። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ በመጨረሻ የልጆች መለማመጃ ብጣሽ ጨርቅ ልሁን ብዬ አኮረፍኩ። የደረሰችኝ ተማሪ ደግሞ ትከሻዬን ስትይዝ የእሷ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በየደቂቃው «እማማ፣ አመመዎት?» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን «አንቺ ልጅ፣ እኔ እንደሆንኩ ተሰብሬያለሁ፤ ደግመሽ አትሰብሪኝም፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እጇ ረጋ።

ክፍሉ ውስጥ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ። የእሳቸው የተያዘው ቀኝ ጎናቸው ነው፤ ምላሳቸውም ተሳስሮ ከቃል ሁሉ የተረፈቻቸው «ወራጅ አለ» ብቻ ናት። ሲደሰቱም «ወራጅ አለ»፣ ሲደክሙም «ወራጅ አለ»። ትርጉሙ የሚለየው በድምፃቸው ነው፤ እኔም ቶሎ ለመድኩት።

አንድ ቀን ልጅቷ ወንበር ኮት አልብሳ «አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ የእርስዎ ቀኝ፣ የእሳቸው ግራ ደህና ነው፤ አብራችሁ ቆልፉት» አለችን። እኔ ጫፉን ስይዝ እሳቸው ቁልፉን እያሾለኩ ጨረስነው። ስንስቅ አስተማሪዋ ደረሱ። ደህናውን እጅ ምን ብለሽ ታሠሪያለሽ፣ መሥራት ያለበት ሰነፉ ነው ብለው ገሠጿት። ልጅቷ ውሃ ውስጥ የገባች አይጥ መሰለች። እኔም አንጀቴ አልቻለም፤ በዚያው ቀን ደህናውን እጄን በጓንት ጠፍራችሁ እሰሩልኝ አልኩ። ስድስት ሳምንት በሰነፉ እጅ ኩባያ አነሳሁ፣ ፎጣ አጠፍኩ። ቤት ውስጥም አንድ ሳህን ሰብሬያለሁ፤ እህትሽን ድመቷ ናት ብያታለሁና አደራ።

የልጅቷ የፈተና ቀን ደረሰ። አስተማሪዋ መዝገባቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ በግራ እጄ የሹፌሩን ኮት፣ እላያቸው ላይ እንዳለ፣ ከላይ ጀምሬ መቆለፍ ያዝኩ። አምስት ቁልፍ ነው። ሦስተኛው ላይ ጣቴ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ልታግዘኝ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ ሐኪም መሆኗን ያን ጊዜ አመንኩ። እሱም፣ እሳቸው ማለቴ ነው፣ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀኝ። አምስተኛው ሲገባ አስተማሪዋ መጻፋቸውን ትተው አጨበጨቡ።

በዚያ ደስታ መሀል ልጅቷን «እንግዲህ ትልቋ ልጄ ዘንድ ሄጄ ልኖር ነው፤ ስንብታችን ነው» አልኳት። ሹፌሩ ኮቱን እንደቆለፍኩለት ቆሟል። አፉን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። በሦስተኛው፣ እያንዳንዱን ፊደል ከሆዱ እየጎተተ፣ «አት... ው... ረጂ» አለኝ።

ተማሪዎቹ ባንድ ጊዜ እልል አሉ፤ ከታመመ ጀምሮ ያወጣው የመጀመሪያው አዲስ ቃል ነዋ። ልጅቷ ማለፏን እንኳ የሰማችው እንባዋን ከጠረገች በኋላ ነው። የእኔን ነገር ሆድ ይፍጀው።

ልጄ፣ ያሰናዳሽልኝን ክፍል ለልጆችሽ ስጪያቸው፤ አትቀየሚኝ። እዚህ ብዙ ልምምድ ይቀረኛል። ደረጃ መውጣት አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻውን መዞር አለ፤ እሱ ደግሞ ለብቻ አይሆንም።

ለጥየቃ ስትመጪ ለእኔ ምንም አታምጪ። ብቻ ካገኘሽ ማሰሪያ የሌለው የወንድ ጫማ፣ ቁጥር አርባ ሁለት። ቡናማ ቢሆን ይሻላል። ለእህትሽ ራሴ እነግራታለሁ።

እጅሽ የነካው ይባረክ፤ የልጆችሽን ልጆች ለማየት ያብቃሽ።

ሁሌም የምትናፍቅሽ
እናትሽ