ከባሩዱ ፊት የሚጮኽ አንድ ሰው ስለ መለመን

ይድረስ ከክቡር አዛዥ ደምመላሽ፣ ከቆላ ወደ አንኮበር የሚወጣው የመንግሥት ዕቃ ሁሉ ኃላፊ፣ የባሩድ ቤቱ ጠባቂ፣ የእኛም የገደል አፍ ማርያም ሰዎች ጌታ።

እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ በቅሎዎችዎ፣ ከሁሉም ይልቅ ባሩድዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ የንስሐ አባቴ ውሸት ይከለክሉኛል፤ ደኅና አይደለሁም ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ባለፈው ጊዜ በደጅዎ አቤት ስል የቀትር ዕንቅልፍዎ እንደ ተቋረጠ ተነግሮኛልና ሁለተኛ ላስቀይምዎ አልሻም።

ማን እንደ ሆንሁ ዘንግተውኝ ይሆናል። የቄስ ወልደተንሣኤ ሚስት የነበርሁ፣ ዛሬ መበለት፣ የዲያቆን ዘርአ ዳዊት እናት እናናየሁ ነኝ፤ የክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ ነው። በችሎት ላይ «ያች የጽና ያዡ እናት» ብለው የጠሩኝ እኔው ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው መላኬ ከንቀት አይደለም፤ ማኅተም የለኝም። የፊተኛውን በጨርቅ ጠቅልዬ ብልከው ቋጠሮው ሳይፈታ ተመለሰልኝ፤ እኔም ቋጠሮ መፍታት ለጌታዬ ከባድ ሥራ መሆኑን ሳላስብ በመቅረቴ አፈርሁ። ስለዚህ ይህኛውን ገላልጬ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም እንዲያነቡት ለደብራችን ገበዝ ለመሪጌታ ገብረአማኑኤል ሰጥቻለሁ። ከሚሰሙት ሰዎች አንዱ ወደ እርስዎ ያደርሰው ይሆናል።

ስለ ጽሕፈቴም አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። አባቴ ዳዊት አስደግመውኛል፤ መጻፍ ግን ለሴት ምን ይሠራላታል ብለው ተዉት። የቀረውን ያስተማረኝ ልጄ ነው፤ ከቅኔ ቤት ሲመለስ በምድጃው አመድ ላይ በጣቱ እየጻፈ ያሳየኝ ነበር። ስለዚህ ፊደሎቼ የአንኮበርን አቀበት እንደሚወጡ አህዮች ናቸው፤ አንዱ ወደ ገደሉ ያዘነብላል፣ አንዱ ቆሞ አልሄድም ይላል፣ አንዱም ጭነቱን ጥሎ ይተኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ቤት ሁለቱ ተገናኝተዋልና ጌታዬ ይታገሡን።

ደግሞም ክስ አይደለም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የተባለውን አውቃለሁ፤ የንጉሥን ባሩድ መክሰስም ያው ሳይሆን አይቀርም። የምጽፈው ምስጋና ነው፤ ምስጋናዬም ስለ በዛ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ባሩዱን ስላለበሱልን አመሰግናለሁ። ከባሕር የመጣ ዕቃ በግመል ቆላው ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ በየአጥቢያው ሰው ትከሻ እየተቀባበለ እንዲወጣ የቆየ ሥርዓት ነው። ጨው ስንሸከም ጨው መሆኑን፣ ጠመንጃ ስንሸከም ጠመንጃ መሆኑን እናውቃለን። ያን ቀን ግን ተሸካሚው ፈርቶ እንዳይሸሽ፣ ወሬውም ለወንበዴ እንዳይደርስ አስበው፣ የዕቃው ስም ለማንም እንዳይነገር አዘዙ። የባሩዱንም ስልቾች በቃሬዛ ላይ አስደርድረው በቀይ ግምጃ አስሸፈኗቸው። እንዲህ ያለ ግምጃ በእኛ አጥቢያ የለበሰ ሰው የለም፤ እኔ በሠርጌም ቀን አልለበስሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥላው። ሰማዩ ከብዶ ነበርና ባሩዱን ዝናብ እንዳይነካው አንድ ወታደር ጥላ ዘርግቶ ከቃሬዛው ጎን እንዲሄድ ማድረግዎ ትልቅ ማስተዋል ነው። ከውኃ እንዲጠበቅ አስበውለታል። እኛ ግን ደንቆሮዎች ነን። በቀይ ግምጃ ተሸፍኖ፣ በጥላ ተጋርዶ፣ አትንኩ፣ ዝም በሉ፣ ዞር በሉ እየተባለለት፣ ተሸካሚዎቹም እግራቸውን እየመረጡ የሚያመጡት ነገር በዕድሜያችን ያየነው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ነው። በዚያ ላይ ኢየሩሳሌም የወረዱት አባ ገብረአብ ለደብራችን የእመቤታችንን ሥዕል ይዘው በባሕሩ መንገድ እንደሚመለሱ መልእክት ልከውልን፣ ደጅ ደጁን እያየን ነበር።

እንግዲህ ጎረቤቴ ቦሰና ከአጥሯ ሥር ቆማ ቁልቁል መንገዱን ብታይ ምን ትበል? «እናናየሁ፣ ነጠላሽን አጣፊ፤ እመቤቴ መጣችልን» አለችኝ። አጣፋሁ። ደወሉ ተደወለ፤ ጧፍ ያለው ጧፉን፣ የሌለው ችቦውን አብርቶ ወጣ። ከስልቾቹ ስፌት ጥቁር ትቢያ በመንገዱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ቦሰና ቆንጥራ የሚቆረጥማትን ጉልበቷን ቀባች፣ እኔም ግንባሬን ተቀባሁ። ጌታዬ፣ የንጉሥን ባሩድ እምነት ነው ብላ ግንባሯን የተቀባች ሴት ዛሬ የንጉሥን ሹም ልትመክር ብዕር ማንሣቷን ሲሰሙ ቢስቁ አልፈርድብዎትም። እኔም አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን እስቃለሁ፤ የጀመርሁትን ሣቅ ግን እስካሁን አንድም ቀን አልጨረስሁትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ወታደሮችዎ ታዛዥነት። ልጄ የዕጣኑ ፍም የጋመበትን ጽናውን ይዞ ከቤተ ልሔም ወጣ። እንደ እኛ አልተንጋጋም፤ ሥርዓት ያውቅ ነበርና ከቃሬዛው ፊት ቆሞ፣ ጥላ የያዘውን ወታደር እጅ ነሥቶ፣ ለማጠን ፈቃድ ጠየቀ። በችሎት ሳይጠይቅ ዘሎ ገባ ስለ ተባለ ነው ይህን ደግሜ የምጽፈው፤ ጠይቋል። ወታደሩ ግን ያጀበው ምን እንደ ሆነ እንደ እኛው አያውቅም ነበር። የሚያውቀው የጭነቱ አለቃ ብቻ ነበር፤ እርሱም ዝናቡ ሳይዘኝ ብሎ በበቅሎ ቀድሞ ወጥቷል። ወታደሩ ጥቂት አሰበና «እኔ ጥላ ያዝ ተባልሁ እንጂ ስለ ጢስ የተባልሁት የለም» አለው። እንዲህ ያለ፣ ከታዘዘው አንዲት የማይጨምር ሰው ያሠለጠነ ጌታ ሊመሰገን ይገባዋል።

ልጄ ሰገደ፤ ጽናውን አወዛወዘ። ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው አልጽፍም፤ ለእርሱ የሚሆነውን ፊደል አላስተማረኝም። ከእርሱ ጋር ሁለት የአጥቢያችን ተሸካሚዎችና ጥላ ያዡ ወታደርም ሄዱ። እኔን ከቦሰና ጋር ባሩዱ አጥሩ ላይ ወረወረን፤ ቦሰና ጉልበቷ ዛሬም ይቆረጥማታል። የቀበርነው ሣጥን አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የሚችል ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። በደጅዎ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ብዙ ከቆምሁ በኋላ በዋርካው ሥር ተቀምጠው ሲሰሙኝ፣ ጉዳዩን እንዴት እንደ ቆረጡት የሰማ ሁሉ አይረሳውም። «ባሩዱ በመንገዱ ይሄድ ነበር፤ እሳቱ ነው የመጣበት። እሳቱን የያዘው ማን ነው?» አሉ። መሪጌታ ገብረአማኑኤል አንገታቸውን ደፍተው «ልጇ ነው፣ ጌታዬ» አሉ። እርስዎም «እንግዲያ ከሳሿም እናት፣ ተከሳሹም ልጇ ናቸው፤ በቤታቸው ይታረቁ» አሉ። ከተቀመጡት አንዱ ሣቀ። እኔም በችሎት ተናግሬ ስለማላውቅ፣ በጌታ ፊት አፌ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነውና፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ከአንኮበር እስከ ቤቴ ድረስ ስለ ምን እንዳመሰገንሁ ሳስብ ወረድሁ፤ መልሱ የመጣልኝ ዛሬ ነው፣ ስለዚህ ጻፍሁት። ሞኝ መሆኔን አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ እንጃ፤ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ሳልሳሳት እደግማለሁ፣ የጌታዬን ውለታ ግን መቁጠር ተሳነኝ። በአንኮበር የሚኖር አንድ ፈረንጅ አንጥረኛ በገበያ ቆሞ ስለ አገሩ ሲያወራ ሰማሁ። በዚያ የብረት መንገድ አለ፣ በላዩም እሳት እየበላ የሚሄድ ጋሪ አለ፣ ከኋላውም ሌሎች ጋሪዎችን እንደ ሙሽራ ሚዜ አስከትሎ ይጎትታል፣ አንድ ቀንም ከባሕር ተነሥቶ ሸዋ ይደርሳል አለ። ሰው ሁሉ ሣቀበት። እኔ ደግሞ ሁሉ ሲስቅ ማልቀስ፣ ሁሉ ሲያለቅስ መሣቅ ልማዴ ሆኗልና ሳልሥቅ ቀርቼ፣ ባሩድም ይጎትታል ወይ ብዬ በአስተርጓሚው አስጠየቅሁት። ይጎትታል አለ። ከፊት እሳት፣ ከኋላ ባሩድ? ስለው፣ ባሩድ የያዘው ጋሪ ምልክት ይደረግበታል፣ ከእሳቱ አርቀው ያስሩታል፣ የሚያልፍባቸው ሰዎችም ያውቁታል አለ። ሲረሱትስ? ስለው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚህ የተነሣ በዚያም አገር እንደ እኔ ያሉ እናቶች እንዳሉ ተረዳሁ።

ጌታዬ፣ ያ ጋሪ ምናልባት እርስዎም እኔም ካለፍን በኋላ ይመጣል። የእኛ መንገድ ግን መስቀል እንዳለፈ ለጭነት ይከፈታል። ጭቃው ሲደርቅ ሌላ ጭነት ከቆላ እንደሚነሣ፣ አጥቢያችንም እንደ ሥርዓቱ ተሸካሚ እንዲያወጣ ከወዲሁ ተነግሮናል። ከሚወጡት አንዱ የቀረኝ ልጄ ገብረኪዳን ነው። ምን እንደሚሸከም ጠየቀ፤ ዕቃ ነው ተባለ። ዕቃ መሆኑን እንኳ የነገሩት ሰው ቸር ነው።

ስለዚህ ከምስጋናዬ በኋላ የምለምነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወታደር አይደለም፣ ባለ በቅሎ አይደለም። ከጭነቱ ፊት የወንጭፍ ድንጋይ የሚደርሰውን ያህል ቀድሞ እየሄደ «ባሩድ ነው፣ እሳት አጥፉ» ብሎ የሚጮኽ አንድ ሰው። ግምጃውንም ለሚገባው ትተው ባሩዱን በጥቁር ቁርበት ያስሸፍኑት። ይህ ካልሆነ በእምነታችን ላይ የሚመጣውንም ያስቡ፤ ባለፈው ወር አባ ገብረአብ መጥተው እውነተኛዋ ሥዕል በቀይ ግምጃ ተሸፍና ከአቀበቱ ብቅ ስትል፣ የገደል አፍ ማርያም ሕዝብ እንዳለ ጧፉን አጥፍቶ ጫካ ገባ። ሽማግሌው መነኩሴ እስከ ኢየሩሳሌም ተጉዘው ያመጧትን እመቤታችንን ብቻቸውን ታቅፈው ወደ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ጫካ ከገቡት ሁሉ ፊት የሮጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ለዕድሜዬ የሚያስመሰግን ሩጫ ነበር።

የሚጮኽ ሰው ካጡ እኔን ይሹሙኝ። ማዕረግ አልፈልግም፣ ቀለብ አልጠይቅም፣ ድምፄንም ጌታዬ በቀትር ሰምተው መስክረውለታል። ሹመቱን ቢነፍጉኝ ግን እንደ ልጄ ፈቃድ ጠይቄ ቆሜ አልጠብቅም። ጭነቱ ከቆላ በተነሣ ዕለት ከአቀበቱ ሥር እገኛለሁ፤ ከገብረኪዳን ቃሬዛ ፊት እየቀደምሁ በየደጁ የዕቃውን ስም እጠራለሁ። ስሙን የጠራ ይገረፋል የሚለውን አዋጅ ሰምቻለሁ። ጅራፍ የያዘ ሰው ቢልኩብኝ ግን አንድ ነገር አደራ፤ ጋያ የሚያጨስ አይሁን።

ቀስ ብላ የምትጽፍ፣ ቀስ ብላም የሚገባት፣ ለእርስዎ ዕድሜና ለባሩድዎ ዝምታ የምትጸልይ ታማኝ ባሪያዎ፣

እናናየሁ፣ በጥምቀት ወለተ ሥላሴ
ከገደል አፍ ማርያም አጥቢያ

የተረፈ ቃል፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ከአንኮበር የመጣ ሰው፣ ጌታዬ ወጥ ቤትዎን ከባሩድ ቤቱ አጠገብ አስነሥተው ከወንዙ ማዶ እንዳሠሩ፣ ምክንያቱንም ሲጠየቁ «ባሩድና እሳት ይጎራበታሉ እንዴ?» እንዳሉ ነገረኝ። እግዚአብሔር ዕውቀትዎን ያብዛልዎ። እኔ ሞኟ፣ ይህን ሁሉ ቀለም የጨረስሁት የማያውቁ መስሎኝ ነበር።