ከኋላ ማን አለ?

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም ዱቄት። ከወፍጮው ጭኜ ወደ ዳቦ ቤቶች፣ ከዳቦ ቤቶች ባዶዬን ወደ ወፍጮው። ማታ ስገባ ሚስቴ በር ላይ አስቆመችኝ። "አራግፍ! ሽበትህን ይዘህ አትግባብኝ።" ሆዷ ከገፋ ወዲህ ወለል መጥረግ የኔ ሥራ ሆኗል፣ ግን ትእዛዙ አሁንም ከእሷ ነው። አራገፍኩ።

ፍሬን ደወለ። አብረን ዱቄት ስንነዳ ነው ይህን ስም ያወጣንለት፣ ወሬ ከጀመረ አይዝም። ዛሬም አልያዘም። አሁን እሱ አገር አቋራጭ ነው የሚነዳው። እነሱ ጋ አንድ ባለተሳቢ መኪና ሹፌር አጥቶ ቆሟል። "ስምህን ሰጥቻለሁ። ደመወዙ እጥፍ ነው! እስከ መቼ ነው ሰፈር ለሰፈር የምትንፏቀቀው?" አንዴ ከወጡ ሁለት ሳምንት፣ ሲብስ ሦስት። እሷ ደግሞ ልትወልድ ወር ገደማ ነው የቀራት። አይሆንም አልኩት። "አስብበት" አለ።

ምኑን ነው የማስበው? እኔ በየቀኑ ቤቴ እገባለሁ። ለእሷም አልነገርኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6



ጠዋት፣ ቅያሱ ውስጥ ያለው ዳቦ ቤት። ጠባብ ነው፣ መዞሪያ የለውም፣ ሁሌም በኋላ ማርሽ ነው የምገባው። ረዳቶቹን ከቀነሱብን ወዲህ ከኋላ ቆሞ "ና፣ ና" የሚለኝ ሰው የለም። ስፖኪዮ አየሁ። ግራ ባዶ። ቀኝ ባዶ። ገባሁ።

ቀጭ አለ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው።

ፍሬን ያዝኩ። መውረድ ግን አቃተኝ።  ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ እንጃ... አንድ ሰው በሩን ሲደበድብ ነው የነቃሁት።

ብስክሌት ነው። ትንሽ፣ ቀይ፣ የልጅ ብስክሌት። የኋላ ጎማ ሥር ተጣጥፎ። የባለዳቦ ቤቷ ልጅ ናት ያቆመችው፣ ውሃ ልትጠጣ እዚያው ጥላው ገብታ ነበር። ውሃ ልትጠጣ! ባይጠማትስ ኖሮ?

እናትየው ወጥታ ብስክሌቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች። አልጮኸችም። ምነው በጮኸች። "ተመስገን፣ ብረት ነው" ብላ ልጅቷን እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። ልጅቷ "ብስክሌቴን!" እያለች ታለቅሳለች። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ሚስቴ፣ "ምነው ፊትህ ነጣ?" አለችኝ።

"ዱቄት ነው።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

እስከ ዛሬ እንዴት ልብ ሳልለው ቀረሁ? የከተማ ሥራ ማለት ለካ ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ መግባት ነው። ዳቦ ቤት፣ መጋዘን፣ ግቢ... ሁሉም በኋላ ማርሽ።

ዛሬ በየቦታው ሞተር እያጠፋሁ ወረድኩ። ዞርኩ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ተመልሼ ወጥቼ መሪ ስጨብጥ... አሁን አንዱ ገብቶ ቢሆንስ? እንደገና ወረድኩ። በየማራገፊያው የሚጠብቁኝ አውራጆች መቀለጃ አደረጉኝ። "ምነው ጌታው፣ የወደቀብህ ነገር አለ? እንፈልግልህ?" የወፍጮው ስምሪት ኃላፊ ደወለ። "የት ነው ያለኸው? ዱቄቱን እየነፋህ ነው እንዴ?" ረዳት ስጡኝ አልኩት። "ለኔስ ረዳት ማን ሰጠኝ?" ብሎ ዘጋው።

አገር አቋራጭ ግን... መንገዱ ወደ ፊት ብቻ ነው። ልጅ የለበት፣ ቅያስ የለበት።

ለፍሬን ደወልኩለት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ነገርኳት። ስለ ሥራው ብቻ። ስለ ብስክሌቱ ምላሴ አልታዘዝ አለ።

የሕፃን ልብስ እያጠፈች ነበር። "እኔ የምወልደውስ?" አለች።

"ደመወዙ እጥፍ ነው። ለልጁ ብዬ እኮ ነው።"

ማጠፏን አላቆመችም። "'የአገር አቋራጭ ሹፌር ልጅ አባቱ ሲመጣ እማዬ እንግዳ መጣ ነው የሚለው' ብለህ ስትስቅ አልነበር እንዴ?"

ካጠፈችው አንዱን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

"በልጁ አታመካኝ" አለች። ልብሱን ታቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። 

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

የአገር አቋራጩ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ጠረጴዛው መስታወት የተነጠፈበት ነው፣ ከመስታወቱ ሥር የመኪና ፎቶ ብቻ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በባዶ ዓይኑ አየኝ። "አደጋ አድርሰህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አልኩ። ብስክሌት አደጋ ነው? አይደለም? 

"ማክሰኞ ቁርጡን ንገረኝ። ሐሙስ ትነሳለህ።"

መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጋቢናው አልጋ አለው፣ መጋረጃ አለው። ሳየው ቀለል አለኝ። ደስታ አይደለም... ያመለጥኩ መሰለኝ።

በር ላይ ሆኜ ለፍሬን ደወልኩ። እንደ ቀልድ አድርጌ፣ "መቼም እዚያ የኋላ ማርሽ ሥራ ፈቷል አይደል?" አልኩት። ሳቀ፣ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ! ማራገፊያ ስትደርስ በአየር ነው የምትገባው? ተሳቢ እኮ መሪውን ወደ ግራ ስትለው እሱ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ከኋላህ ያለውን ጭራሽ አታየውም። እኔ ባለፈው..." ቀጠለ። አልሰማሁትም።

ታዲያ ወዴት ልሂድ?

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ቅያሱ አፍ ላይ ቆምኩ፣ አልገባም አልኩ። አውራጆቹ "በዚህ ርቀት በትከሻ? አብደሃል" ብለው ተቀመጡ። እኔው ራሴ መሸከም ስጀምር አፍረው ተነሡ። ባለዳቦ ቤቷ በሯ ላይ ቆማ ታየኛለች። "ሾፌር፣ እንዲህ አድርገህ እስከ መቼ?" አለችኝ። ልጅቷ ከጀርባዋ አጮልቃ ታየኛለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ማታ ወገቤ አልቀና አለ። ሚስቴ ቅባት ይዛ መጣች። "ሹፌር ነህ ወይስ ተሸካሚ?" ብላ እያሸችኝ እያለ... ወጣ። ሁሉም። ብስክሌቱ፣ ውሃው፣ ድምፁ። አለቀስኩ። ትራሱ ውስጥ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እጇ ወገቤ ላይ ቆመ። "ከዚህ ነው የምትሸሸው?"

"አዎ።"

 "እኔስ ከኛ መስሎኝ" አለች። እሷም አለቀሰች።

ከእሑድ ጀምሮ ይህን ይዛ ነው ከኔ ጋር የተኛችው?

እሑድ፣ ኅዳር 16

ይህን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው።

"ተነሥ፣ ወፍጮው ግቢ ውሰደኝ" አለች። እሑድ ነው፣ ማንም የለም። ጥበቃው ከፈተልን። መኪናውን አስነሣ አለችኝና እሷ ሆዷን ደግፋ ወደ ኋላ ሄደች። ግድግዳው ጥግ ቆመች።

"ኧረ አንቺ! ከዚያ ውጪ!"

"በስፖኪዮ ታየኛለህ?"

"አይሻለሁ።"

"ካየኸኝ ና።"

አልችልም አልኩ። "እንግዲያው እዚሁ ነው የምወልደው፣ ምርጫው ያንተ ነው" አለች። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። መስታወቱ ውስጥ እሷና ሆዷ ብቻ። "ና... ና... ግራ ቁረጥ... መልስ... ና..." መቼ ተማረችው? በየማታው ሳወራ ሰምታኝ ነው ለካ። ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣበቀ። ድንገት ከመስታወቱ ጠፋች። ፍሬኑን ረገጥኩት።

"ጠፋሽብኝ!"

"ጎበዝ" አለ ድምፅዋ። "ስጠፋብህ ቁም።"

ሆን ብላ ነው ፈቀቅ ያለችው። ወርጄ ክንዷን ያዝኳት። "ሥራው ካማረህ ሂድ፣ እናቴን እጠራለሁ" አለችኝ። "ፈርተህ ግን እንዳትሄድብኝ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ደወልኩ። አልሄድም አልኩት፣ ለአገር አቋራጩ ኃላፊ። "ወረፋ የሚጠብቅ ሞልቷል" ብሎ ዘጋው። ዕድል አበላሸሁ ይሆን? ፍሬን ተቆጥቷል፣ ለአንድ ደቂቃ ዝም አለ። ለእሱ ብዙ ነው።

ለስምሪት ኃላፊውም ነገርኩት፦ እያንዳንዱ ቦታ ወርጄ ሳላይ አልገባም፣ ቅያስ ውስጥ ከኋላ ሰው ካልቆመልኝ አልገባም። ይዘገያል። "ከዘገየህ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ" አለ። እሺ አልኩት። 

ሰኞ፣ ኅዳር 24

እስካሁን አላባረረኝም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ግን እሱ ይመስለኛል። ቅያሱ ውስጥ ባለዳቦ ቤቷ ራሷ ወጥታ "ና፣ ና" አለችኝ፣ እጇ ሊጥ እንደያዘ። በሌላው እጇ ልጅቷን ይዛታለች። ለልጅቷ አዲስ ብስክሌት ገዝቼ አደረስኩላት። ሰማያዊ ነው፣ ቀይ አጣሁ። ቀይ ነው የምፈልገው አለችኝ። ይቅርታ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

እንዳይረሳኝ ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት መጋዘን ሳለሁ ደወለች። "ጀመረኝ።" ዱቄቱን ሳላወርድ ወደ ቤት በረርኩ። ጋቢና ላይ ደግፌ አወጣኋት፣ ውሃዋ ፈሷል፣ በሩን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ልነሣ ስል ከፊታችን አሸዋ የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ያራግፋል። መውጫው በኋላ ብቻ ነው።

ማርሹን አስገባሁ። እግሬ ነዳጁ ላይ ሆኖ... ማርሹን መልሼ አወጣሁት። ወረድኩ።

"ምጥ ይዞኛል እኮ!" ብላ ጮኸች። "ወዴት ነው?"

"አንዴ ብቻ!"

ዞርኩ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ድመት እንኳ የለችም። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሟል፣ ከኋላ ቁምልኝ አልኩት። ሮጬ ወጣሁ።

"አየህ?" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

"አየሁ።"

"እንግዲያው ና ይበልህ፣ ንዳ!"

ሐኪም ቤት ደረስን። ወለደች፣ ሴት ናት። ጸጉሯ ጥቁር ነው፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ ይበልጣል። ሲያስገቡኝ ሮጬ አልጋው ላይ አጎነበስኩ፣ ነጩን አንሶላ ይበልጥ አነጣሁት። ነርሷ ተቆጣች። ሚስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "አራግፍ" አለች።

በር ላይ ወጥቼ አራገፍኩ። ከዚያ ገባሁ።