ለጨጓራ የማይሆን ዓሣ

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3
ከጁምዓ መልስ የሆስፒታል አልጋው ለአባባ መጣ። ራስጌው ሠላሳ ዲግሪ ከፍ ይበል ተብሏል። አልጋውን የሚገጥመው ሠራተኛ በዓይኑ ገምቶ ሊሄድ! ለካሁት... ሃያ አራት። እንደገና አስፈታሁት። አባባ ከሶፋው ሆነው፣ "ሰውዬ፣ ቶሎ ጨርስና አምልጥ። ልጄ መሐንዲስ ነው፤ ድልድይ መስሎታል" አሉት። አርባ ዓመት የእስክንድርያን ትራም ነድተው እኔን ያስተማሩኝ ለዚህ ነው?

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4
ዶክተር ኒርሚን መጣች። ሥራዋ መዳን የማይችሉትን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ማስታመም ነው። በር ላይ ያዝኳት።
"ካንሰር የሚለውን ቃል እዚህ ቤት እንዳትናገሪ። ጨጓራ ነው ብለናቸዋል።"
"እኔ አልጀምረውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።"
ጉበት የደረሰ በሽታ ትታ ስለ እንቅልፍና ስለ ሆድ ድርቀት ትጠይቃለች! ምኑን ነው የምታክሚው አልኳት። "ሕመማቸውን፣ ማቅለሽለሻቸውን፣ ፍርሃታቸውን። ከፈቀዱልኝ የእርስዎንም።" ተናደድኩ። እኔ ምን ፈራሁ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7
የሰጠችው ሽሮፕ ሕመሙን አስታገሰ። ከስንት ጊዜ በኋላ ተላጩ። ተላጭተው መጀመሪያ ያደረጉት? የእህቴን የኢንሺራህን ሾርባ መስደብ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9
ሰኞ የጸደይ በዓላችን ሸም ኤል ነሲም ነው። ፈሲኽ አማራቸው... ጨው ውስጥ ከርሞ የገማ ዓሣ! ለጨጓራ አይሆንም አልኳቸው።
"ጨጓራ ነው ያልከኝ?"
"ጨጓራ ነው።"
"እንግዲያው ልክ ነህ። ጨጓራ ባይሆን ኖሮ ግን..." ጣራ ጣራውን እያዩ፣ "...እበላ ነበር።"
ያውቃሉ እንዴ? ማን ነገራቸው?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10
ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። "ከሚያምኑት ሻጭ ይግዙላቸውና ይቅመሱ። ከእንግዲህ ጨው ምን ያደርጋቸዋል?" ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።
ካመጣሁላቸው ነገርኳቸው ማለት ነው። ካላመጣሁስ? የሚቀጥለው ዓመት በዓል ላይ አይደርሱም። ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12
ገበያ ሄድኩ። መቼ ጨው ገባ? በምን በርሜል? ለምን ሆዱ ለሰለሰ? አራተኛውን ዓሣ ሳገላብጥ ሻጩ፣ "ኢንጂነር፣ ልጅዎን ሊድሩለት ነው እንዴ?" አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ገዛሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13
በሎሚና በአረንጓዴ ሽንኩርት አቀረብኩላቸው። ሽታው ደረጃውን ወርዶ ጎረቤት አንኳኳ። ኢንሺራህ አፍንጫዋን ይዛ በረንዳ ወጣች። አባባ ሳህኑን አዩ። እኔን አዩኝ።
"ጨጓራ አይደለም ማለት ነው።"
"አይደለም፣ አባባ።"
"አልሐምዱሊላህ! እንዳይከፋህ ብዬ ጨጓራ ስታመም ደከመኝ እኮ።"
ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አልቆም አለና... ሌላ ነገር ሆነ። ዓሣ በነካ እጃቸው እጄን ያዙኝ።
"መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ወስደህ ቱቦ እንዳታስሰካብኝ። እዚሁ።"
የሁለተኛ ሐኪም ቀጠሮ ይዤላቸው ነበር። ካይሮ፣ ለሐሙስ።
"እዚሁ" አልኩ።
ሁለቴ ጎርሰው ጠገቡ። የተረፈውን እኔ ጨረስኩት። በጣም መጥፎ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15
የካይሮውን ቀጠሮ ሰረዝኩ። ዶክተር ኒርሚን ስትመጣ አባባ ራሳቸው ጠየቋት፦ ሲብስብኝ ያፍነኛል ወይ? አልዋሸቻቸውም። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ምን እንደምትሰጣቸው፣ በምን ሰዓትም ቢሆን ማን እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ቃላቷን አላረምኩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።
"እርስዎስ የሚጠይቁት አለ?"
"ያን ጊዜ እኔ ምን ልሥራ?"
"አጠገባቸው ይቀመጡ።"
"ሌላስ?"
"ሌላ የለም።"
አባባ ጣልቃ ገቡ፦ "ዶክተር፣ ዝም ብሎ መቀመጥ እሱን ይገድለዋል። ከሽሮፑ ትንሽ ለእሱም ቅጂለት።"
ወንበሬን ወደ አልጋው ሳብኩ። ዛሬ አልተናደድኩም... እስካሁን።