ከአፋቸው «በቃ» ያልወጣው ዳኛ

ዛሬ የምንሸኛቸው ዳኛ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በኋላ የተወለደችው አንዲት እህት ብቻ ነበረች። በልጅነታቸው ከእናታቸው የስፌት መኪና ሥር ተቀምጠው የተሳሳተውን ስፌት መተርተር የዘወትር ሥራቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በትጋት ተከታትለው በሕግ ከተመረቁ በኋላ በ1964 ዓ.ም. ዳኛ ሆነው ተሾሙ። በቀጣዩ ዓመት ከአንዲት ነርስ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ገና በወጣትነቷ ስላረፈች፣ የልጃቸውን ጸጉር ጎንጉነው፣ ትምህርት ቤት አድርሰው ችሎት ይገቡ ነበር። ጉንጉኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብል እንደነበር ልጃቸው ትመሰክራለች።

መጠሪያቸውን ያስለወጠው በሰብሳቢነት ያዩት አንድ የግድያ ክስ ነው። አብረዋቸው የተሰየሙት ሁለት ዳኞች ተከሳሹ በሞት እንዲቀጣ ወሰኑ። እርሳቸው በልዩነት ሐሳባቸው፣ «ምስክር ይሳሳታል፤ ዳኛም ይሳሳታል። እስራት እንደ ስፌት ይተረተራል፤ ሞት ግን መቀስ ነው። መንግሥት ገዳይን በመግደል መግደልን ነውር ሊያደርገው አይችልም። እኛም ፈጣሪ ለንስሐ የተወለትን ዕድሜ ልንቆርጥ አልተሾምንም» ሲሉ ጻፉ። በድምፅ ተበለጡ። ውሳኔውን ማንበብ የሰብሳቢው ግዴታ ነበርና አነበቡ፤ «ይሙት» ካሉ በኋላ ግን ድምፃቸው ተቋረጠ። ችሎቱ ጠበቀ። በመጨረሻ በቀኛቸው የተቀመጡት ዳኛ ወረቀቱን ሳብ አድርገው «በቃ» ብለው ጨረሱት።

በማግሥቱ በኮሪደሩ «አይበቃም መጡ!» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ፤ ቅጽል ስሙም እስከ ጡረታቸው ተከተላቸው። የድንበርና የውርስ ክርክር ወደሚታይበት ችሎት ተዛወሩ። በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛቸው የሚቀርብ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን በኋላ መጣ። በ1989 ዓ.ም. የእህታቸው አንድያ ልጅ፣ ብስክሌት መንዳት ያስተማሩት ልጅ፣ በሰው እጅ ተገደለ። ፍርድ ቤቱ ከቅጣቱ በፊት የቤተሰቡን ሐሳብ ሲጠይቅ እህታቸው ታላቅ ወንድሟን ወከለች። በሩ ላይ እጃቸውን ይዛ፣ «ወንድም ጋሼ፣ የሌላው ጊዜ አልሆንልህ አለ፤ እሺ። ይሄ ግን የኔ ልጅ ነው። አንዴ ብቻ በቃ በልልኝ» አለቻቸው። ገብተው ቆሙ፤ የልጁን ስም ሲጠሩ አለቀሱ፤ ገዳዩ በዕድሜ ልክ እስራት እንዲቀጣ ጠየቁ። ፍርዱም እንዲሁ ሆነ። ሲወጡ እህታቸው፣ «ልጄን ደግመህ ገደልከው» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበርና ቤቱ ባዶ ነበር። ዘወትር እሑድ ለእህታቸው ይደውላሉ፤ «ሃሎ» ብላ ድምፃቸውን ስትሰማ ትዘጋለች። እርሳቸውም የስልኩን እጀታ በቀስታ እያስቀመጡ፣ «አለች። ደህና ናት» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ባይኖርም።

በመጨረሻ የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላቸው ልጃቸው መጥታ ታስታምማቸው ጀመር፤ ለአክስቷም ነገረቻት። እህታቸው መጣች። ሰላም ሳትል የሾርባውን ሳህን ከልጅቱ እጅ ተቀብላ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ያልከውን አሁንም አልተቀበልኩትም፤ እንድታውቀው» አለቻቸው።

«አውቃለሁ፣ እህትዓለም» አሉ።

ጥቂት ፉት ብለው ማንኪያውን ገፋ አደረጉና «በቃኝ» አሉ። ያን ቅጽል ስም አንድም ቀን ከአፏ አውጥታው የማታውቀው እህታቸው ማንኪያውን እንደያዘች፣ «አይበቃም» አለቻቸው። ዳኛውም አፋቸውን ከፈቱላት።

በማግሥቱ፣ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ዐረፉ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት በሕይወት አሏቸው። ለእነርሱ መጽናናትን ይስጥልን፤ ምሕረቱን «በቃ» የማይል አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ይቀበል።